በአንድ ሰዓት ውስጥ

«በአንድ ሰዓት ይድረስ፣ ሙቀት ሳይለቀው፣
በብብትህ ይዘህ፣ ውርጭ እንዳይነካው።»
ይህን ነው ያለችኝ፣ ክዳኑ ቀይ ዕቃ በእጄ አስጨብጣ፣
እቴነሽ፣ የደሴዋ፣ ዓይኔን እያየች፣ ሐፍረት ሳታመጣ።

ከኮምቦልቻ ተነሣሁ ገና ሳይነጋጋ፣
ጃኬቴን ደርቤ፣ ግራ ክንዴን ሳልዘረጋ።
ሚኒባሱ ሞላ፤ «ደሴ፣ ደሴ!» ቀረ፤
ከተማውን ትቶ ሐረጎን ጀመረ።
አንደኛው ጥምዝ ላይ ጭጋጉ ወረደ፤
ሁለተኛው ላይ ግን መንገዱ ታገደ፤
ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ በጎኑ ተኝቷል።
ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ ሠላሳ፤ አርባ ሊሞላ ደርሷል።

አጠገቤ ያሉት እናት፣ ዘንቢል ታቅፈው፣
«ክንድህን አመመህ?» አሉኝ አዘን ብለው።
«አዎ» አልኩ። ምን ልበል? «ክንዴ አይደለም፣ ዘሬ ነው፣
እንደ ዶሮ እንቁላል በላብ የማሞቀው»?

በሃምሳ አምስት ደቂቃ ደረስኩ።
ጠብታውን ወስዳ መስታወት ላይ ጣለች፤
ዓይኗን ከአጉሊው ገጥማ ብዙ ዝም አለች።
ከዚያ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። «እይ» አለች።

አየሁ።
ቁጥሩማ ሞልቷል፤ የሰኞ ገበያ ነው።
ግን ማን ከማን ቀድሞ፣ ማን ወዴት ሊሄድ ነው?
ጭራቸው ይርገበገባል፣ እዚያው፣ ባሉበት፣
እንደ መኪኖቹ፣ ሐረጎ ላይ ተሰልፈው እንደቀሩት።

«ብርዱ ነው» አልኳት። «ሊሆን ይችላል» አለች፤
«ሦስት ሳምንት ቆይና እዚሁ ስጥ» ብላ መዘገበች።
ቆየሁ። እዚያው ሰጠሁ፣ ከሆስፒታሉ ሽንት ቤት፣
ሰው በሩን እያንኳኳ፣ «አልጨረስክም ወይ?» እያለ በቁጣ ድምፀት።
ያው ሆነ።
ሐረጎ የለበት፣ ጭጋግ የለበት።

በጓንት ካርቶን ጀርባ፣ በእስክሪብቶ፣ ሣለችልኝ ጭራ፣
ጭራው ላይ ትንንሽ በሮች፣ በተርታ በተራ።
«ካልሲየም በዚህ ይገባል፤ ሲገባ ነው የሚገርፈው፣
እንደ ጅራፍ ተወርውሮ የእንቁላሏን ቅጥር የሚያልፈው።
በሩ ካልተከፈተ ግን፣ ሚሊዮን ቢሆኑ፣
ጉልበት አጥተው መንገድ ላይ ይቀራሉ ሲባዝኑ።
የአንተስ በሩ ይሁን ሌላ፣ ልነግርህ አልችልም፤
እስከዚያ የሚያይ መሣሪያ ከዚህ ክፍል የለኝም።»

«ወተት ልጠጣ?» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋን መለሰች።
«የአጥንት ነገር አይደለም፤ በሩ ነው» አለች።

ካልሲየም። በአጥንቴ አለ፣ በጥርሴ፣ በቤቴ ኖራ፣
ሰባት ዓመት ግድግዳዬ ላይ ነጭ ሆኖ ሲያበራ፤
ከውስጤ ግን አንዲት ደጅ ቆሞ ቀርቶ ይሆን፣ ሳይጠራ?

ሰባት ዓመት መሬም ናት የተመረመረች፣
የዱአውን ቤት፣ የጠበሉን ደጅ፣ ሁለቱንም ያዳረሰች፣
መራራ ሥር የጠጣች፣
እናቴ «ደረቅ መሬት» ስትላት አንገቷን የደፋች።
እኔማ፣ «ወንድ አይመክንም» ሲባል ነገሩ ተመችቶኝ፣
ዝም ብዬ ኖርኩኝ፣ በእሷ ሰበብ ታዝኖልኝ።

ስመለስ ሐረጎ ላይ ጭጋግ አልነበረም።
ስልኬን አወጣሁ። ድምፄን አልቀነስኩም።
«እማ፣ መሬምን ተያት። የኔ ነው።» «ምኑ?» አለች፣ ኔትወርኩ ተቆራርጦ።
«መካኑ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ረዳቱ ዞረ ደንግጦ፤
ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰ።

«አላህ ይክፈትልህ» አሉኝ አንድ አዛውንት፣ ከኋላ ወንበር፣
የቱን ደጅ እንደሆነ ሳያውቁ፣ የትኛውን በር።

ክንዴን ከጎኔ አላቀቅሁ። ደንዝዟል።
ታች ኮምቦልቻ ይታየኛል፤ የጨርቃ ጨርቁ ጣሪያ ፀሐይ መትቶታል።
የመሬም ፈረቃ በአሥር ሰዓት ያበቃል።
በር ላይ እጠብቃታለሁ።
ምን እንደምላት ግን ገና አላዘጋጀሁም፤ ጥምዙ አልቋል።