አይነበብም

ሦስት ሐኪሞች ነበሩ፤ አንደኛው ስልክ ያወራል፣
አንደኛው ስሜን ፍለጋ ፋይል ያገላብጣል፣
ሦስተኛው ብቻ ቀና ብሎ «ጨብጪ» አለኝ፤ ጨበጥኩ፣
በግራዬ። ቀኙን ከነጠላው ሥር እንደሸሸግኩ፣
ልማድ ነው፣ ሰው ፊት አላወጣውም።
«ደህና» አለ። «ቀጣይ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።
ከቱሉ ዲምቱ በሌሊት፣ ሁለት መኪና ቀይሬ፣
ለአራት ደቂቃ ነው ለካ በር ላይ የዋልኩት ዛሬ።

ከወር በኋላ ወረቀቱ መጣ፦
ስም፦ የሺሐረግ አዳነ። ጉዳት፦ የግራ እጅ።
ጣቶች፦ ይታጠፋሉ። ግምት፦ ሰባት በመቶ።
አሥር ካልሞላ ጡረታ የለም፣ አሉኝ በመስኮት።

ግራዬ ምን ሆና! ግራዬማ ደህና ናት፣
ወንድሟ ከወደቀ ወዲህ ሁሉን የምትሠራለት።
ቀኜን ነው ማሽኑ የበላው፣ ቃሊቲ፣ ቆርቆሮ ቤት፣
በጥር፣ የሌሊት ፈረቃ፣ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት።

ፋብሪካው «እጅሽ አይሠራም፣ በሰላም ሂጂ» አለኝ።
ቦርዱ «እጅሽ ይሠራል፣ በሰላም ሂጂ» አለኝ።
እኔ መሐል ቆሜ እጄን አየዋለሁ፤
ለደሞዝ የሞትክ፣ ለጡረታ ማን አስነሣህ? እለዋለሁ።

ማታ ማታ እቆጥራለሁ። መቶ የተባልኩት እኔ፣
ሰባቷ በየት በኩል ናት፣ ከእግሬ ነው ወይስ ከጎኔ?
የበር ቁልፍ ማዞር ስንት ነው? ሽንኩርት መክተፍስ ስንት?
ረቡዕ ውኃ ሲመጣ በጀሪካን አራተኛ ፎቅ መውጣት?
የታክሲ መልስ መቀበል፣ ሳንቲሙ ሳይበተን መሬት?
የሩሐማ ፀጉርስ፣ ጀምሬው የተውኩት ለጎረቤት፣
ለኮርሜ፣ እሷም ደክሟት ከሥራ እስክትገባ፣
ልጄ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ግማሽ ጎፈሬ፣ ግማሽ ሹሩባ?

«ይግባኝ በይ እንጂ» አለች ኮርሜ፣ ማበጠሪያውን ነክሳ።

ደብዳቤ ጸሐፊው ጋ ሄድኩ፣ ከወረዳው አጥር ሥር፣
የተቀደደ ጥላ፣ አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር።
ጋሽ ደምሰው ጽሕፈቱ ሲያምር! የቁም ጽሕፈት፣ እንደ ዳዊት።
ሲያነብልኝ ግን ያቺን ሴት ፈጽሞ አላወቅኋት፦
«አቅመ ደካማ፣ ረዳት የለሽ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ…»
ተው ጋሼ፣ አልኩት። እኔ አልወደቅሁም። የወደቀው እጄ ነው።
ደግሞ ይህን የመሰለ ጽሑፍ ካዩ
«ይኸው ትጽፍ የለም እንዴ» ነው የሚሉኝ።
ሠላሳ ብሩን ከፈልኩት፤ ባዶ ወረቀት ይዤ ገባሁ።

ስክሪፕቶውን በሩሐማ የፀጉር ጎማ ከመዳፌ አሰርኩ።
ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ አለቀስኩ፣ አንዴ ሳቅሁ፦
«ሐ» ሦስት እግር እያላት፣ ያቺ የሐኪሙ «ሐ»፣
አልቆም ብላ ከመስመር ወደቀች።
የጻፍኩት ይኸው ነው፦
ቀኝ እጄ ነው። አላያችሁትም። እንደገና እዩኝ።

መዝገብ ቤት ያለው ልጅ ወረቀቱን ዘቀዘቀው፣ አቀናው፣
ወደ ብርሃን አስጠጋው።
«እናቴ፣ ይሄ አይነበብም። አስጽፈሽ ተመለሺ።»

ተባረክ፣ አልኩት። እሱኑ ጻፍልኝ።
አይነበብም በልና ማኅተም ምታበት።

ከኋላዬ ሰልፉ ያጉረመርማል፤ አንዱ «ቶሎ በይ» ይላል።
ነጠላዬን ገለጥኩ፣ እጄን መስኮቱ ላይ አኖርኩ።
ልጁ ማኅተሙን አነሣ፤
አላሳረፈውም ገና።
ቆሜያለሁ።