ድምፅ ቀንሱ

ግሪምስቢ፣ የወደብ ከተማ፣ ግንቦት፣ እኩለ ሌሊት፤
የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው ድምፅ የምንቆጥርበት።
ለአንድ ሌሊት ተቀጥሬአለሁ፤ ጣቴ ላይ የላስቲክ ቆብ፣
ሥራዬ ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ ሃያ አምስት ሃያ አምስት አድርጎ መሰብሰብ።
ወረቀቱ ስገልጠው ኮሽ ይላል፣ ደረቅ ቅጠል ይመስል፤
በላዩ፣ በክር የታሰረ እርሳስ የጫረው የኤክስ ምስል።
ድምፅ ይሉታል ይህን፤ እጄ ላይ ግን አይጮኽም፤
እንደ ዓሣ ነው፦ አፍ አለው፣ ቃል አያወጣም።

ሊነጋጋ ሲል አስመራጯ መነጽሯን አስተካክላ፣
መድረክ ላይ ቆማ አነበበች፣ ቁጥር በቁጥር አስከትላ።
ከመቶ ሠላሳ አንድ ያገኘው አሸነፈ፤ ተጨበጨበ።
ስድሳ ዘጠኙስ?
ጆንያ ገብቶ አፉ ተሸበበ።
እኔ ነኝ ያሰርኩት፤ እኔው ነኝ ማኅተም የለጠፍኩበት፤
የኔም አለች እዚያ ውስጥ፣ ሃያ አምስት ሆነው በታሰሩበት።

ሐሙስ ማታ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለተኛ ፎቅ፤
ሠላሳ አንድ ሰው፣ ብስኩት፣ እና ሞቅ ያለ ጭቅጭቅ።
ክላይቭ ሃርነስ ተነሣ፤ ሰባ ዘጠኝ ነው ዓመቱ፣
የመርከብ ገመድ ሁለት ጣት የቆረጠው በወጣትነቱ።
«ቀላሉን አታወሳስቡ! ጀልባ ስንት ካፒቴን አላት?
አንድ! ከጠላነው፣ ልብሱን ጠቅልሎ በነጋታው መሸኘት።
የናንተ ጥምር መንግሥት ግን፣ ሦስት ወር ድርድር፣ ሦስት ወር ሻይ፣
በር ተዘግቶ የሚፈተል ነው፣ የመረጠው ሰው ሳያይ።»
እውነት አለው፣ አልኩ በልቤ። ክርክር ደስ የሚለኝ
ከማልወደው አሳብ መሃል አንድ እውነት ሲቆረቁረኝ።

ብሮና ዴቭሊን መለሰች፣ ከደሪ የመጣች ነርስ፦
«እኛ ጋ ቁጥር እንጽፋለን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሰው እስኪጨርስ።
አንደኛዬ ቢወድቅ፣ ድምፄ አብሮት አይቀበርም፤
ተነሥቶ ወደ ሁለተኛዬ ይሄዳል፤ መንገድ አይጠፋውም።»
ጉርዲፕ፣ የሂሳብ መምህር፣ ሳይጠሩት ብድግ አለ ከወንበር፦
«መቶ ወንበር ካለ፣ ሃያ በመቶ ላገኘ ፓርቲ ሃያ ወንበር!»

«አንቺስ፣ ቆጣሪዋ?» አሉኝ። እኔ የማስበው ዕቁብ ነበር፤
ከዓሣ ፋብሪካው ሴቶች ጋር የምንጥለው በየወር።
ዕጣ ያልወጣላት ሴት ገንዘቧ ቀለጠ አይባልም፤
ተራዋ ይደርሳል እንጂ፣ ዕጣው አንድ ሰው ላይ አይከርምም።
የናንተ ዕቁብ ግን ጉድ ነው፦ ሁሉ ይጥላል፣ አንዱ ይበላል፤
በአራት ዓመቱ ደግሞ ያው ሰው እጁን ሰዶ ዕጣ ያወጣል።
ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት ልበለው? «ወረፋ» አልኩ፤ ሳቁ፤
ወረፋ የሚወድ ሕዝብ ነው፤ ገባቸውም አልገባቸው፣ ራስ ነቀነቁ።

ከዚያ፣ ይወሰን ተባለ። ሦስት አሳብ ነው፣ እጅ ይውጣ፤
ቁጥሩን እኔ ልያዝ፤ የለመደች እያለች፣ ሌላ አይምጣ።
ለጉርዲፕ ዘጠኝ። ለብሮና አሥር እጅ።
«እንዳለ ይቀጥል» ላለው ለክላይቭ፣ አሥራ ሁለት፤ አንዱ የራሱ የልጅ ልጅ።
«አሸነፍን!» አለና ባርኔጣውን አነሣ፤
ቀስ ብሎ በስምንት ጣቱ ደመረ፤ ሳቁን አፉ ላይ ረሳ።
አሥራ ዘጠኙ ይቀየር ብሏል። አሥራ ሁለቱ ረትቷል።
ማንም አልተናገረም። አንድ ብስኩት ሲሰበር ተሰምቷል።

«እንደገና ይቆጠር፣ በኛ መንገድ!» ብሮና ቆመች፤
ክላይቭ ዝም አለ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ግን ቁልፏን አቃጨለች።
ምሽት ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ደረጃው ሞላ በጫጫታ፤
ክላይቭ ጠጋ አለኝ፣ በሹክሹክታ፦
«ሁለተኛ ጻፍ ቢሉኝ ኖሮ፣ ያቺን ነርስ ነበር።»
እና ይህን የት ልመዝግበው? በየትኛው ሣጥን፣ በየትኛው ቁጥር?

ከላይ፣ መብራት እያጠፋች ሴትዮዋ፣ «እባካችሁ፣ ድምፅ ቀንሱ!»
ጆሮዬ ላይ ባማርኛ ደረሰ፤ እግሮቼ መውረዱን ረሱ።
«ቀንሰናል፣ እመቤቴ» አልኩ፣
«አሥራ ዘጠኝ።»