ያገለገለ

ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ፣
«በቀን ግማሽ ሰዓት እርምጃ» አለችኝ፣ በእርሳስ አስምራ።
እሺ። ግን በየት በኩል?
ደጃፌ ቫድሶ ነው፤ መንገዱ እንደ ጠርሙስ ያሟልጫል፣
ጎረቤቴ ኦድቫር፣ ፖስታ ሣጥኑ ጋ ሳይደርስ ዳሌው ተሰብሯል፤
ፀሐይም ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ የት እንዳለች ማን ያውቃል።

አርባ ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ፤ አርባ ዓመት ተቀምጬ፣
ሆዴን መሪው ሥር አስገብቼ፣ ፍሬን ነዳጅ ረግጬ።
ሰው አደረስኩ ለሥራው፣ ለሠርጉ፣ ለቀብሩ፤
የሄድኩት እኔ አይደለሁም፤ ጎማዎቹ ነበሩ።

«ያገለገለ መሮጫ ይሸጣል» ይላል ማስታወቂያው።
ጡረታ በወጣሁ ዕለት የሰጡኝ ሰሌዳም ቃሉ ያው፦
«አርባ ዓመት ያገለገለ»፤
ዋጋ ግን አልተጻፈበት፣ «ይሸጣል»ም አልተባለ።

የመጀመሪያው ሲንድሬ ከሚባል ጎረምሳ ቤት፣
ሦስት ሸሚዝ፣ አንድ እርጥብ ፎጣ የተሰቀለበት፤
ቆጣሪው አራት ኪሎሜትር ይላል። አራት!
«ከገና በኋላ ልጀምር ብዬ…» አለ ጆሮው ቀልቶ፤
የትኛው ገና ብሎ ማን ይጠይቃል፣ ልጅ አንዴ አንገቱን ደፍቶ?
ዋጋው የአዲስ ነው። እኔ ደግሞ የማውቀው፣
ከሠራ ሞተር ይልቅ፣ ቆሞ የከረመ ነው ሰውን የሚከዳው።

ሁለተኛው ከዓሣ ፋብሪካው ሠራተኞች ክፍል የወጣ፤
ሲያዩት በሬ ያህላል፤ ሲያስነሱት ግን ያቃስታል፣
ኩሽኔታው አልቋል፤ የተቃጠለ ጎማ ጎማ ይሸታል።
ሻጩ ተንደርድሮ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው፣
የሞተሩን ሳል በአየር ትንበያ ሊሸፍነው።
አርባ ዓመት ሞተር ላይ ተቀምጦ ለኖረ ሰው!
ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ልበለው።

ሦስተኛው ኔሰቢ፣ ባሕሩ ዳር፣ ከቶርዲስ ሳሎን።
እንደ ልማዴ ተንበርክኬ አየሁ፤ ቡሎኑን፣ ቺንጋውን፣
ከዚያ የሚረገጠውን ምንጣፍ፣ የተበላበትን ጎን።
በግራ በኩል ጠለቅ ያለ የእግር ዱካ፤
በቀኝ ግን አንድ ጭረት ብቻ፣ እየተሳበ የሚነካ።
ቆጣሪው፦ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድስት።
ከዚህ ኦስሎ ያደርሳል፤
ሁሉም እዚሁ ሳሎን ውስጥ፣ በአንድ እግር ተኩል።

«የማን ነው?» አልኩ።
«የእኔ» አለች፣ ዱላዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ።
«ከሆስፒታል ስወጣ ቀኝ እግሬ የሌላ ሰው ነበር፤ ብለምነው የማይሰማኝ።
አሁን እስከ ሱቁ በደጅ እሄዳለሁ፤ ይኼ ቤቱን አጣበበኝ።»
ቀና ብላ አየችኝ፤ ቆየች፤
«አንተ የሃያ ሦስት ቁጥሩ አይደለህም?» አለች፣
«እስክቀመጥ የምትጠብቀው?»
ሌላው ሾፌር ምን ያደርግ እንደነበር፣ እኔ በምን ልወቀው?

ቢሆንም ተከራከርኩ። ምንጣፉ ተዛብቷልና ሦስት መቶ ክሮነር ቀነሰች፤
ከሰጠኋት ላይ ሃምሳውን «ለነዳጅህ» ብላ መለሰች።

አሁን መስኮቴ ሥር ቆሟል፤
የእህቴ ልጅ ትሪግቬ ወገቡን ይዞ እየተራገመ ያወጣው።
ትንሽ ወደ ግራ ይስባል፤ የኋላውን ቡሎን ሩብ ዙር ማጥበቅ ነው፣
አውቃለሁ። ነገ። ወይ ከነገ ወዲያ።
ከታች ሃያ ሦስት ቁጥር ያልፋል፤ መብራቱ በርቶ፣ ወንበሩ ባዶ።
ቁልፉን ተጫንኩት።
እጄ ገና እጀታውን ሲፈልግ፣
ማሽኑ ሦስት… ሁለት… አንድ… ብሎ ቆጠረልኝ፤
ሳይንቀሳቀስ፣
እግሬን እስካደላድል ጠበቀኝ።

ከአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድስት ቀጠልን።