ስምንተኛው ቤት

ሞላሌ፣ ጥር ነበር፤ ገለባው ላይ ውርጩ፤
ባላምባራስ ሸንቁጥ፣ የዘር ቆጠራ ምንጩ፣
ጣታቸውን አጥፈው ስም በስም ሲጠሩ፣
የእናቴን ወገን ከአባቴ ጋር ቆጠሩ።
አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት፣ እንዥላት...
ሰባት ቤት ተወጣ፤ አንድ ስም አልተጋጨም።
«ይጋቡ፤ ደም የለም።»
መረቁ፣ ተነሡ።
ከሰባት በላይ ያለውን ማን ጠየቀ?
ሕጉም እዚያው ላይ ነው የሚያርፈው።

ወንድሜ ይታገሱ በአራት ዓመቱ
ከደጃፍ ሳይርቅ ይከዳው ጀመር ጉልበቱ፤
ጠላ ያልቀመሰ ልጅ እንደ ጠጪ ሲላጋ፣
ግድግዳ እየዳበሰ ሲመሽም ሲነጋ፣
ከዓይኑ ነጭ ላይ ቀይ ክር እንደ ሐረግ ሲዘረጋ፣
መንደሩ ተማከረ። «የዓይን ነው» አለ አንዱ፤
«ጠበል» አለች አክስቴ፤ ሁሉንም ሄድን። መንገዱ
ጫማ ጨረሰ እንጂ እግሩን አላጸናም።

እኔ ደብረ ብርሃን ወረድኩ፤
ደም በቀጭን ብልቃጥ ማሽከርከር ለመድኩ።
ኋላም የወንድሜን በገዛ እጄ ቀድቼ
ከበረዶ ጋር አሽጌ ወደ ሩቅ አገር ሰደድኩ።
መልሱ እንደ ልጅ በዘጠኝ ወሩ መጣ።
አንድ ገጽ።
አንዲት ፊደል ጎድላለች፤ በቃ።

በእያንዳንዳችን ውስጥ፣ በየደቂቃው፣ ክር ይበጠሳል፤
ፀሐይ ትበጥሰዋለች፤ የበላነው፣ የተነፈስነው።
ታዲያ እሪ ባይ አለ፣ በር ላይ የቆመ፣
«ተበጠሰ!» ብሎ ሠፈር የሚያውክ፣
ሰፊው መርፌውን ይዞ ከእንቅልፉ እንዲነሣ።
ይታገሱ ውስጥ ግን እሪ ባዩ ዲዳ፤
ክሩ በዝምታ ይረግፋል፤
ሚዛን የሚጠብቀው የአንጎሉ ጓዳ
ሕዋስ በሕዋስ ይጠፋል።
እናቴስ? አንዱ ይጮኻል፣ ሁለተኛው ዲዳ ነው።
በግማሽ ድምፅ ኖራ ኖራ
በአርባ አራት ዓመቷ ከጡቷ ሥር ጠጠር አገኘች፤
ለማንም ሳትናገር አንድ ክረምት ከረመች።

አባቴ ባና ሠሪ ነው፤ የላላ ፈትል
በጨለማ በጣቱ ዳስሶ ያገኛል።
ወረቀቱን ዘረጋሁለት፤
አራት ፊደል ብቻ፣ መልሶ መላልሶ።
በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።
«የቱ ጋ ነው የተበጠሰው? አሳዪኝ፣ ልቋጥረው።»
አሳየሁት።
መብራት ሄዶ እስኪመጣ ጣቱን እዚያው አቆየው።

አምና አንገቱ ላይ እብጠት ወጣ፤ ሐኪሙ ጨረር አዘዘ።
በኮሪደሩ ስሮጥ ጋዋኔ እጀታ ላይ ተያዘ።
«ሌላውን የሚያድን እሳት እሱን ይፈጀዋል!»
ወጣቱ ሐኪም ገጹን አነበበ፣ ደገመ፤
ያዘዘውን ሰረዘ፤
«አላውቅም ነበር» አለ፣ ብዕሩን እንደያዘ ቆመ።
ያን ቀን እሪ ባይዋ እኔ ነበርኩ።

አሁን ለእኔም ሽማግሌ ተልኳል፣ ከመሐል ሜዳ።
የባላምባራስ ልጅ ይመጣል፣ ጣቱን ሊያጥፍ።
ማቀዝቀዣው ውስጥ አንዲት ብልቃጥ አለች፤
ስም የላትም፣ ቁጥር ጽፌባታለሁ፤
ጽሕፈቱ የእኔ፣ ደሙም የእኔ።
አላስመረመርኳትም።
ሰባት ቤት ይቁጠሩ፤ ደግ።
«ደም የለም» ሲሉ ብድግ ብዬ
«ስምንተኛውስ?» ልል ነው።
እስካሁን ግን
ብልቃጧን ከመደርደሪያ መደርደሪያ
ቦታ ብቻ እየቀየርኩላት ነው።