እጅ መስጠት

የዱቄት ፋብሪካው ፊሽካ ሲያሰናብተን፣
ቅንድባችን ነጥቶ፣ ባንድ ቀን አርጅተን፣
ቦርከና ዳር ወርደን፣ አሸዋ ላይ ነበር
ሙሄ እብሬ ያስተማረኝ መሬትን ማክበር።

ሕጉ አጭር ነው፦
ጀርባህ መሬት ሲነካ ያበቃል ጨዋታው፤
ከማጅራትህ አሸዋ ያራግፋል የረታው።
ስንቴ እንዳራገፈልኝ መቁጠሩን ትቻለሁ፤
አንዴ ግን ጥዬዋለሁ። (ይክዳል፤ አውቃለሁ።)

ደሴ፣ ሆጤ ሜዳ፣ የውድድሩ ዕለት፣
ጉም ከጦሳ ወርዶ ዳኛው ሰው ጠፋበት፤
ሙሄ ሦስት ሰው ጣለ፤ ሦስተኛው ተነስቶ
«ማነው የጣለኝ?» አለ፣ ግራ ቀኙን አይቶ።
ሽልማቱ ሜዳሊያ፣ ንግግር፣ አንድ ቱታ፤
ቱታው ጠበበውና ሰጠኝ ያን ዕለት ማታ።

«ሥራህስ?» ቢሉት የሉባባ አባት፣
«ታጋይ ነኝ» አላቸው፤ ተነሡ ካሉበት፤
«ትግሉንስ ጠገብነው፤ ሌላ ሙያ የለህም?»
«ሰው በጀርባው መጣል ነው፤ ጠመንጃ የለኝም።»

ከዚያ አንድ ሰው መጣ፣ ባለ ጥቁር መነጽር፣
በስልኩ አሳየን ስምንት ማዕዘን አጥር፤
ሁለት ሰው በውስጡ፤ ጡጫ፣ እርግጫ፣ ክርን፤
አንደኛው ሲወድቅ ፊሽካውን ጠበቅን።
አልተነፋም።
ጣዩ ከላይ ወጣበት፤ ያኔ ነው የባሰ።
ሙሄ ዝም ብሎ አየና ስልኩን መለሰ።
«የኛ ጨዋታ ማብቂያ የነሱ ነው መነሻ»
አለኝ፣ ማታ ስንመለስ፣ ሐረጎ ትከሻ።

በአሊጋዝ ጋራዥ ውስጥ፣ ዘይት ባራሰው መሬት፣
ጆንያ ሰቀልን፣ ብጣሽ ጥጥ ሞልተንበት፣
የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዘበኛ የሰጠን፤
ካይሱዙ ኋላ ኋላ ሐረጎን እየሮጥን፣
ጭሱን እየዋጥን።
ለጥሎሽ የቆጠበው ለፓስፖርት አለቀ።

አዲስ አበባ ሁለት፣ ናይሮቢ ሦስት ረታ፤
እኔ ፎጣ ያዥ ነኝ፣ ጯሂም በተርታ።
አንድ ልማድ ግን አልለቀቀውም፦
ሰው በጣለ ቁጥር እጁ ይዘረጋል
የወደቀ ሊያነሳ፤ ያኔ ጡጫ ያርፋል
አገጩ ላይ።
«አታንሳው! ሙሄ! አታንሳው!» እላለሁ ካጥሩ ሥር።
እንዲህ ብሎ መጮህ ነውር ነው በኛ አገር።

ዱባይ ላይ፣ ቀጭን ልጅ፣ ክንዱ የሸማ ክር፤
ሙሄ አንስቶ ጣለው፤ ጀርባው መሬት ሲሰፍር
ፈገግ አለ ልጁ።
እግሩን ባንገት ጣለ፤ ክንዱን በጭን ቆለፈ፤
ሁለቴ መታ መታ ቢያደርግ፣ ሁሉ ባለፈ።
«ምታው ሙሄ! መሬቱን!» መች ሊሰማኝ እሱ፤
እጅ የሰጠ ወንድ አይደለም፤ ይህ ነው የልጅነት ምሱ።

እጅ አልሰጥም አለ፤
እጁን ወሰዱት።

ማገዶ ሲሰበር ዛሬም ጆሮዬን እይዛለሁ።

አሁን ኮምቦልቻ ነው። ባጃጅ ይነዳል፣ ባንድ እጅ ተኩል።
ሉባባን አገባ፤ «ትግሉ ካበቃማ…» ብለው አባቷ።
ክርኑ አይዘረጋም፤ ሒሳብ ሲቀበል ጎንበስ ይላል፤
ተሳፋሪው ትሕትና ይመስለዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡን ይከፍታል፤
አሥራ አንድ ሕፃናት በጆንያው ዙሪያ።
ጡጫ እንዳይመስላችሁ የትምህርቱ መጀመሪያ፦
«መዳፍ ዘርጉ። ምንጣፉን ምቱ። ሁለት ጊዜ።
አልሰማሁም። ደግማችሁ።»
ቆርቆሮ ላይ ያልቆረጠለት ዝናብ ይመስላሉ።
እኔ በሩ ላይ ቆሜአለሁ፣ ያንን ቱታ ለብሼ፤
ጉልበቱ ተቀዷል።

አንዱ ልጅ ቀና ብሎ
«ይኼማ መሸነፍ ነው፣ ጋሼ» አለ።
ሙሄ ክርኑን አየ።
«አዎ» አለ። «ምታ።»