አየር ያጣ እሳት

የሩሃም ከተማ፣ ከሌሊቱ ስምንት አልፏል፤
ነፋሱ አሸዋ ይዞ በሩን ይደበድባል።
ሦስተኛው ፈረቃ የእኔና የምድጃው፤
ከቀበሮ በቀር ማንም የለም በሜዳው።
እሱ ይሞቅልኛል፣ እኔ እጠብቃለሁ፤
አራት መቶ ሃምሳ ሲል ቁጥሩን እጽፋለሁ።

ጠዋት የሚመጣው ከሙት ባሕር ዳር ነው፤
ዓውደ ነው የሚነዳው፣ ቤንዚኑም የሱው ነው።
የሆቴል ቁርስ ትርፍ፣ ኪያሩ፣ እንቁላሉ፣
ጉንጉኑ ያልፈረሰ ዳቦ ከነሙሉ፣
አንዳንዴም ሹካ አለ፣ አንዳንዴም የእጅ አንባር፤
አንድ ቀን ጥርስ አገኘን፣ ሰው ሠራሽ፣ የመንጋጋ ዳር።

ያ ሁሉ ክምር ሆኖ ሦስት ወር ይበሰብሳል፣
ሲያገላብጡት ማለዳ እንደ በሬ ይተነፍሳል።
አፈር መሰለ ብለን ጭነን ብንወስደው
የሞሻቡ ገበሬ ዘግኖ በተነው፦
«ይህ ላስቲክ፣ ይህ ጠርሙስ፣ ይህ ደግሞ ጨው ነው፤
መሬቴን አትግደሉት» ብሎ መለሰልን፤
መኪናው እንደ ሄደ እንደ ሞላ መጣልን።

ባንኩ የጻፈልን ባማርኛ ሲፈታ
«ከሰረ» ማለት ነው። አንብቤው አንድ ማታ
«ረ»ን በ«ለ» ለወጥኳት፤ ቀልድ ነበር፣ ለብቻዬ።
በዓመቱ ምድጃው መጣ።
                              እውነት ሆነ ቀልዴ፣ ጌታዬ።

ረጅም የብረት ሆድ ነው፣ ብሎን የሚዞርበት፤
እሳት አይነካውም፣ አየር አይገባበት፤
ይግላል እንጂ አይነድም፣ መተንፈሻ የለበት።
ከላዩ ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ተመልሶ
ያንኑ ምድጃ ያሞቃል የገዛ ላቡን ቀምሶ።
ከጎኑ ዘይት ይንጠባጠባል፣ ጥቁር፣ ክፉ ሽታ፤
ሚስቴ ጃኬቴን ውጭ ትሰቅለዋለች ማታ።
ከታች ደግሞ ከሰል፤ ቀላል ነው ሲነካ፣
ውኃ ሲያገኝ ይንጫጫል፣ ጠጥቶ እስኪረካ።

አንድ ሐሙስ አባቴን፣ ቢያድጌን፣ ይዤው መጣሁ፤
ቢጫ ቆብ ስደፋለት አንገቱ ቀጥኖ አየሁ።
በወገራ ሳለ ብረት የሚሠራ፣
ለማረሻ የሚፈለግ፣ ለማዕድ የማይጠራ፤
«ዐይኑ ሰው ይበላል» ሲባል ከኋላው
የሰማ አይመስልም ነበር ወናፉን ሲነፋው።

ኖጋ፣ መሐንዲሷ፣ ታስረዳዋለች፤ እኔ እተረጉማለሁ፤
ለ«ፒሮሊሲስ» አማርኛ ከየት አመጣለሁ?
ቆሜ ስንተባተብ ምርኩዙን አነሣና
ቱቦውን መታ፣ አዳመጠ፣ መታ እንደገና፦

«ጉድጓድ ነው» አለ። «ጉድጓድ። እንጨቱን ደርድረህ፣
ለኩሰህ፣ አፈር አልብሰህ፣ ትንፋሹን ከልክለህ
ሦስት ቀን ጎኑ ትተኛለህ፤ እንቅልፍ ግን አይሆንም።
ነፋስ ስንጥቅ ካገኘ አመድ ነው፤ ከሰል የለም።
ታዲያ ይኼን ለማወቅ ይኼ ሁሉ ብረት?»

«ምን አለ?» አለች ኖጋ። ሳቅ አነቀኝ በእውነት።
«ሙያውን ያውቀዋል» አልኳት። «የት ነው የተማረ?»
እሱ መልስ ሳይጠብቅ ወደ ከሰሉ ዞረ፤
ዘገነ፣ ሰበረው፣ አሸተተው፣ በጣቱ ዳሰሰ፤
የጠቆረ መዳፉን በሱሪው አበሰ፦
«ለብረት አይሆንም፤ ከእህል ነው የከሰለ።
ለምንድን ነው?»
               «ለአፈር» ስለው ዝም አለ።
አንዲት ቁራጭ መረጠ፣ ከኪሱ ከተታት፤
በረንዳ ላይ በርበሬ አለው፣ ለሷ ይሆን ያሰባት።

ስንወጣ ግን ከክምሩ አጠገብ ቆመና
አንድ ዳቦ አነሣ፤ አራገፈው፤ ሳመና፦
«የምድጃውስ ገባኝ፤ እግዜር ይስጣችሁ።
ይኼን የጣለውስ፣ ማነው? ጠየቃችሁ?»

ኖጋ ደግማ «ምን አለ?» አለች። ነፋሱን አመካኘሁ።

ይኸው መርፌው ደረሰ። ቁጥሩን እጽፋለሁ።
አራት መቶ ሃምሳ። ዓውደ ሲነጋ ይመጣል።
ያቺን ጥያቄ ወደ ዕብራይስጥ
እስካሁን አልመለስኋትም፤ ቃሏን እፈልጋለሁ።