ወረፋ ጠባቂዎች

ጀሪካን ጠጋኝ ነኝ፤ ሳሙና በር ላይ፣
ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ ከባጃጅ ተራው ሲታይ።
ብረቴን ከሰል ውስጥ እስኪቀላ አግዬ፣
ቁራጭ ላስቲክ አቅልጬ ስንጥቁ ላይ ጥዬ፣
በአውራ ጣቴ ጫፍ (ጠባሳው ይኸውና)
ጠፍጥፌ እሰጣለሁ፣ ይይዛልም ደህና።

የማይጠገነው፣ ታቹ ያለቀለት፣
ፀሐይ የበላው፣ አፉ የተሰነጠቀበት፣
ከኋላዬ ይከመራል፣ ባለቤቱ ጥሎት፤
ሁሉም ቢጫ ነው፣ ዘይት የመጣበት።
አንዷ ግን ባለ ስም፤ በጥፍር ቀለም
«ባንቺአምላክ» ትላለች፣ ቀይ ነው፣ አይለቅም።

ውሃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ በሚመጣ ሰሞን፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ብርዱ ሲበላ አጥንትን፣
የእናቴን ወረፋ ልይዝ ብወጣ ወደ ቦኖው፣
ሰው የለም።
              ጀሪካን ብቻ ነው የቆመው።
ከቧንቧው አፍ ጀምሮ እስከ ቁልቁለቱ፣
አንዱ ባንዱ ተደግፎ፣ ዘሞ አንገቱ፣
እንደ እንቅልፋም ሴቶች፣ ትከሻ ለትከሻ፣
ሰው በሌለበት ሰዓት የሰው ማስታወሻ።
አንዱን ነፋስ ገፍቶት ሲወድቅ ተንከባሎ፣
«እኔን!» አልኩ ሳላስበው፣ ልቤ ክው ብሎ።

«እኔን!» ለጀሪካን።
መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ግን ዝም አልኩኝ።
ለካ ሐውልቱ ቆሟል፤ ያላየሁ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዋ ሴት በቅሎ መሰለችብኝ፣
ሁለተኛዋ ወድቃ ግንባሬን ፈነከተችኝ።
ለሦስተኛዋ አንገት፣ ከባጃጅ የወጣ
ያረጀ ፍሬን ገመድ፣ ዝገቱ የመጣ፤
ለሹሩባዋ ማዳበሪያ፣ ቀጭን ተተልትሎ።
ከጀርባዋ መሐል፣ አጎንብሳ ሳለች፣
ያቺ ባለ ስሟ ልክ ሆና ገባች።

«ግንቡ ባለበት አገር ላስቲክ ታቆማለህ?»
አለኝ የወፍጮ ቤቱ፣ ጎረቤቴ ሲሳይነህ።
«ግንቡም ድንጋይ ነበር» ልለው አሰብኩና፣
ተውኩት፤ ብረቴ ቀልቷል፣ ጊዜ የለኝምና።

እጅ ብቻ ቸገረኝ። በማንኪያ ሞከርኩት፣
በሹካ፣ በጓንት፣ በቁልፍ፤ ሁሉን አፈረስኩት።
ያለ እጅ ከረመች፣ ደጃፌ ላይ ቆማ፣
እስኪመጣ ድረስ የሐምሌ ጨለማ።

ዝናቡ ወረደ። በአናቷ ገባና፣
በደረቷ ዞሮ፣ ሆዷን ሞላና፣
ካልደፈንኩት ስንጥቅ፣ ከጉልበቷ ሥር፣
ጠብ… ጠብ…
              ከዚያ ፈሰሰ እንደ ክር።

አንዲት ሴት መጣች፣ ላስቲክ ተከናንባ፣
ቆመች ከሐውልቷ ጀርባ፣ ስሟን አንብባ።
«ይቺ እኔ ነኝ?» አለች።
«አዎ። ግን ታፈሳለች።»
«ታፍስ!»
አዲስ ጀሪካኗን ከጉልበቷ ሥር አስጠጋች፤
ሌላ ሰው ሳይኖር፣ ወረፋ ያዘች።

ሲሞላ ጎንበስ ብላ እጀታውን ጨበጠች፦
አራት ጣት ገብቶ፣ አውራው ውጭ ቀርቶ፣
የመሐል ጣቷ ጠሞ፣ በሸክም ብዛት ተመቶ።
ብረቴ ከሰሉ ውስጥ በርዷል፣ ተረስቶ።
እሷ ስትርቅ፣ ዓይኔ እጇ ላይ ነው።

ነገ የምለቅመው እጀታ ነው።